የቦሩ ሜዳ አዋጅ፣ የወሎ መልስ

ከደሴ በስተ ሰሜን ወጣ ብሎ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በመኪና ለሚያልፍ ሰው ተራ የደጋ መስክ ነው። የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለው፤ ስሙን የያዘ ሆስፒታል አለው፤ የቀረው እርሻና ግጦሽ ነው። ስሙ ከታሪክ መጻሕፍት የማይጠፋው በግንቦት 1870 ዓ.ም. በተተከለበት የነገሥታት ድንኳን ምክንያት ነው። ከዚያ ድንኳን የወጣው አዋጅ በኢትዮጵያ አንድ ሃይማኖት ብቻ፣ እሱም በአንድ ትምህርት ብቻ እንዲኖር አዘዘ። በሜዳው ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ግን ዛሬ በአገር የሚታወቀው የአንድ እናት ልጆች ገሚሱ መስጊድ፣ ገሚሱ ቤተ ክርስቲያን በመሄዳቸው ነው። ይህን “የወሎ መቻቻል” ብለን እናሞግስና እናልፋለን፤ እንደ አገሩ አየርና ውሃ ከጥንት የተሰጠ እናስመስለዋለን። እኔ እንደማየው ግን ሰዎች ከኃይል በኋላ፣ የኃይልን ጉዳት እያወቁ፣ በትውልድ መካከል የሠሩት ሥራ ነው። ሥራው እንዴት እንደተሠራ ለማየት ከድንኳኑ ትንሽ ቀደም ብሎ መጀመር ይሻላል።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው ዘንድ ተምረዋል። አገሩ ያኔ ቤተ አምሐራ ይባላል፤ ነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን ያሠሩበት ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ደረሰና መካነ ሥላሴን የመሰለውን ደብር አቃጠለ። ከጦርነቱ ቀጥሎ ኦሮሞዎች መጥተው ሰፈሩ። ወሎ የሚለው ስም ራሱ የእነሱ ጎሣ ስም ነው፤ ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ለጋምቦ እያልን የምንጠራቸው ወረዳዎችም ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ዘመን ነው። ዛሬ በእነዚህ ወረዳዎች አብዛኛው ሰው አማርኛ ይናገራል። ማን ማንን እንደዋጠ የሚከራከሩ አሉ። እኔ መዋዋጥ ሳይሆን መደራረብ ነው የሚታየኝ፤ የፊተኛው ሳይጠፋ የኋለኛው በላዩ ተነጠፈ።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወረ ሂማኖን የገዙት ሙስሊም ባላባቶች ነበሩ፤ የማዕረግ ስማቸውም ኢማም ነበር። እስልምና በሕዝቡ ውስጥ ሥር የሰደደው ግን ከባላባቶቹ ይልቅ በሼሆቹ ነው። ሼህ መሐመድ ሻፊ በጀማ ንጉሥ፣ ሰይድ ቡሽራ ከኮምቦልቻ ብዙም በማይርቀው ጌታ የመሠረቷቸው የትምህርትና የዚክር ማዕከላት ከሩቅ ደረሳ ይስቡ ነበር። መውሊድ በጀማ ንጉሥ በታላቅ ድምቀት ይከበር ጀመር። መንዙማው በዐረብኛ ብቻ አልቀረም፤ በአማርኛ ተገጠመ፣ በዐረብኛ ፊደል ተጻፈ፣ በከበሮና በጭብጨባ ተዜመ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። አማርኛ የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ቋንቋ ብቻ እንደሆነ አድርጎ የሚያስብ ሰው ከ200 ዓመት በፊት የወሎ ሼሆች ነቢያቸውን በአማርኛ ያወድሱ እንደነበር ቢያውቅ ብዙ ነገር ይቀየርበታል።

በሰኔ 1857 አንድ ወጣት ልዑል ከመቅደላ አምልጦ ወደዚህ አገር ገባ። የአጼ ቴዎድሮስ እስረኛ የነበረው የሸዋው ምኒልክ ነው። የወሎዋ ገዥ ወርቂት ሙስሊም ነበሩ፤ የገዛ ልጃቸው በመቅደላ በቴዎድሮስ እጅ ነበር። ልዑሉን አስረክበው ልጃቸውን ለማስለቀቅ ማሰባቸው አይቀርም፤ የማያስብ እናት የለም። ቴዎድሮስ ግን የምኒልክን ማምለጥ ሲሰሙ በቁጣ ልጁን አስገደሉት። ወርቂት ምኒልክን በሰላም ወደ ሸዋ ሸኙት። የኋለኛው ንጉሠ ነገሥት ወደ ዙፋኑ ያለፈው በአንዲት ልጇን ባጣች ሙስሊም እመቤት ደጅ ነው። ይህ በትምህርት ቤት ሲነገር ብዙም አልሰማሁም።

አጼ ዮሐንስ አራተኛ በጥር 1864 በአክሱም ዘውድ ሲጭኑ ከፊታቸው ሁለት ችግር ነበር። አንደኛው ከውጭ ነው። የግብፅ ጦር በቀይ ባሕር በኩል ገፍቶ መጣ፤ በ1868 በጉንደትና በጉራ ድል ቢመታም ስጋቱ አልጠፋም። የሚወጋቸው መንግሥት የሙስሊም መንግሥት በመሆኑ በአገራቸው ውስጥ ያለውን ሙስሊም በጥርጣሬ ዓይን ማየት ጀመሩ። ሁለተኛው ከውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በክርስቶስ መቀባት ትርጓሜ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከፋፍላ ነበር። ተዋሕዶዎች ወልድ ራሱ ቀቢ፣ ራሱ ተቀቢ፣ ራሱ ቅብ ነው ይላሉ። ቅባቶች የባሕርይ ልጅ የሆነው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው ይላሉ። የጸጋ ልጅ የሚሉት ደግሞ ሦስተኛ ልደት ይቆጥራሉ። ክርክሩ የሊቃውንት ብቻ አልነበረም። ጎጃም ቅባት፣ ሸዋ በብዛት ሦስት ልደት፣ ትግራይ ተዋሕዶ ሲሆን ሃይማኖቱ የአውራጃ ባንዲራ ሆኖ አረፈው። በዚያ ላይ አቡነ አትናቴዎስ በ1868 ሞተው አገሩ ያለ ጳጳስ ቀርቶ ነበር።

በመጋቢት 1870 ምኒልክ ልቼ ላይ ለዮሐንስ ገበሩ። የንጉሠ ነገሥትነት ስማቸውን ትተው የሸዋ ንጉሥ ሆኑ፤ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንንም ለማስወጣት ተስማሙ። ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱ ነገሥታት ከነሠራዊታቸውና ከነሊቃውንታቸው ቦሩ ሜዳ ተገናኙ። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወሎ በትግራይና በሸዋ መካከል ነው፤ ወሎን የያዘ መንገዱን ይዟል።

ክርክሩ በነገሥታቱ ፊት ተካሄደ። ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ሁለት ልደትን የሚያጸና ነበር። ሦስት ልደት ተወገዘ፤ ተዋሕዶ ጸና። ከተረቱት ውስጥ አንመለስም ያሉ ምላሳቸው መቆረጡ ተጽፏል። በተዋሕዶ ሊቃውንት ዘንድ ጉባኤው እስከ ዛሬ የእውነት ድል ሆኖ ይታወሳል፤ ከአገሩ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት የቦሩ ሜዳ ሥላሴው መምህር አካለ ወልድ ስማቸው በደሴ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጠራበታል። ስለ ነገረ መለኮቱ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። ግን ቢላ የገባበት ክርክር ማን እንዳሸነፈ በመጽሐፍ ብቻ አይታወቅም።

የወሎን ዕጣ የለወጠው ተከትሎት የመጣው አዋጅ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት ትምህርታቸው ለተወገዘባቸው ክርስቲያኖች ሁለት ዓመት፣ ለሙስሊሞች ሦስት ዓመት፣ በባህላዊ እምነት ላሉት አምስት ዓመት ተሰጠ። ሹመት ያላቸው ሙስሊሞች ግን በሦስት ወር ውስጥ መጠመቅ ወይም ሹመታቸውን ማስረከብ ነበረባቸው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የቀጠሮው አደላደል ነው። ገበሬው ሦስት ዓመት፣ ሹሙ ሦስት ወር። አዋጁ ስለ ነፍስ ይናገራል፤ የተቸኮለው ግን ለሹመቱ ነው።

የወሎ ሁለት ኃያላን ባላባቶች ተጠመቁ። ኢማም መሐመድ አሊ በአጼ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት ሚካኤል ተባሉ፤ የራስነት ማዕረግም አገኙ። ተቀናቃኛቸው አባ ዋጠው በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ጥምቀቱ ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን አበልጅነትም ነበር፤ እያንዳንዱ ንጉሥ በወሎ የራሱን ሰው አቆመ። ታች ያለው ሕዝብ ግን ክርስትና አባት የሚሆነው ንጉሥ አልነበረውም። መስጊድ ፈረሰ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፣ ያልተጠመቀ ርስቱን አጣ። ካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ካርዲናል ማሳያ፣ የእኛ ሰዎች አቡነ ማስያስ የሚሏቸው፣ በማስታወሻቸው ከጥምቀቱ ወጥተው በቀጥታ ወደ መስጊድ የሚሄዱ፣ ያረፈባቸውን ውሃ የሚያስወግዱ ሰዎች እንደነበሩ ጽፈዋል። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም መሆን የዚያ ዘመን ኑሮ ሆነ።

እንዲህ ያለው ነገር በዓለም አዲስ አልነበረም። በስፔን እ.ኤ.አ. በ1502 የካስቲያ ሙስሊሞች ተጠመቁ ወይም ውጡ ተባሉ። የተጠመቁት ልጅና የልጅ ልጅ ወልደው፣ ስማቸውን ለውጠው፣ በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ኖሩ፤ ግን አልታመኑም። ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት በመርከብ ተጭነው ከአገር ተባረሩ። በሁለቱ አገሮች አዋጁ ይመሳሰላል፤ የተለያየው ቀጥሎ የመጣው ነው። በስፔን የተጠመቀው ሰው ባዕድ ሆኖ ቀረ። በወሎ የተጠመቀው ኢማም የልጅ ልጁን ለእቴጌነት አበቃ።

እዚያ ከመደረሱ በፊት ግን ደም ፈሷል። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በቃሉና በአካባቢው ሰው አስነስተው ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋጉ፤ በ1870ዎቹ አጋማሽ አመጹ ወሎንና የጁን አናወጠ። አጼ ዮሐንስ ራሳቸው ለመቅጣት ዘመቱ። ሼህ ጦልሃ ተዋጊ ብቻ ሳይሆኑ ገጣሚም ነበሩ፤ በአማርኛ ጽፈዋል። ከሼሆቹ መካከል መሣሪያ ያላነሱ፣ ወደ ቆላ ወርደው ደረሳቸውን በስውር ያስተማሩም ነበሩ። በዚሁ ዘመን ሰማዩም ዝም አላለም። በ1875 መጀመሪያ በዓለም ዙሪያ የታየው ታላቅ ጅራታም ኮከብ በወሎም ታየ፤ አጼ ዮሐንስ ሰፍረውበት በነበረው በጦሳ ተራራ ሥር አይተውት ተደስተው ቦታውን ደሴ ብለው እንደሰየሙት የከተማው ሰው ይተርካል። የደስታው ከተማ የተቆረቆረው በጭንቅ ዘመን ነው።

በመጋቢት 1881 አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ምኒልክ ሲነግሡ አዋጁን ማስፈጸም ተዉ። ብዙዎች ወደ እስልምናቸው ተመለሱ። ሁሉም አልተመለሱም፤ ለእኔ የወሎ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከአንድ ቤት አንዱ ወንድም ተመለሰ፣ አንዱ በክርስትናው ቀረ። አንዱ ሃይማኖቱን ስለወደደው፣ አንዱ ርስቱን እንዳያጣ፣ አንዱ ሚስቱ ክርስቲያን ስለሆነች። ማንም የማንንም ምክንያት አጥብቆ እንዳይጠይቅ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ቤት ውስጥ የማይጠየቅ ነገር አለና። በመጀመሪያው ትውልድ ይህ ዝምታ ፍርሃት ነበር። በሦስተኛው ትውልድ ወግ ሆነ።

ራስ ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው አድርገው ወሎን አሳደጉ። የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ። በየካቲት 1888 አድዋ ላይ የወሎ ፈረሰኛ በእሳቸው አዝማችነት ተዋጋ፤ ከቦሩ ሜዳ 18 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በፈረሰኛው ውስጥ ስንቱ በስግደት፣ ስንቱ በጸሎት ተሰናድቶ እንደገባ ማንም አልጠየቀም። በዚሁ ዘመን በወሎ ገጠር የሼህ ሁሴን ጅብሪል የትንቢት ግጥሞች በሙስሊሙም በክርስቲያኑም አፍ ይዞሩ ነበር፤ ዛሬም ይዞራሉ።

የሚካኤልና የሸዋረጋ ልጅ ኢያሱ በ1901 የአልጋ ወራሽነት ታወጀላቸው፤ በግንቦት 23 ቀን 1906 አባታቸው ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በ1870 በሦስት ወር ቀጠሮ የተያዘው ሰው ነው ይህ። ልጅ ኢያሱ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ሄደው ከሙስሊም መሪዎች ጋር ተወዳጁ፣ ከቤተሰቦቻቸውም አገቡ። ሰለሙ የሚል ክስ ቀርቦባቸው በመስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ተሻሩ። ክሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቱርክና ከጀርመን ጋር ከነበረው ፖለቲካ ጋር የተጋባ ነው፤ ልጁ ግን የኢማም ልጅና የንጉሠ ነገሥት የልጅ ልጅ በአንድ ሰው ውስጥ ነበሩ፤ በሁለቱም በኩል ዘመድ መፈለጉን እንደ ወንጀል ማየት ለወሎ ሰው ያስቸግራል። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘምተው በጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ። የአሸናፊዎቹ ቀንደኛ የራስ ተፈሪ ባለቤት ወይዘሮ መነን የስህን ሚካኤል ልጅ፣ የተማራኪው ንጉሥ የልጅ ልጅ ነበሩ። ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ የኢማም መሐመድ አሊ የልጅ ልጅ እቴጌ ሆኑ። ደሴ ላይ የእናታቸው የወይዘሮ ስህን ስም ያለበት ትምህርት ቤት ዛሬም አለ።

ጣሊያን በኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ቦምቡ ሃይማኖት አልለየም። አገሩን ከያዘ በኋላ ግን መለየት ጀመረ፤ መስጊድ እየሠራ፣ ሙስሊሙን እያባበለ በክርስቲያኑ ላይ ሊያስነሳው ሞከረ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ራሱ አዲስ እንግዳ አገኘ። ከውጭ የመጡ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምና ጀመሩበት። ሚሲዮናውያን እንዲባረሩ በተስማሙበት ዓመት ጉባኤ የተደረገበት ሜዳ ነው። የመጡት ሕሙማን መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ከመንደር ገለል ያደረጋቸው ሰዎች ነበሩ። ስለ ወሎ መቻቻል ስንናገር ይህንም አብረን እንናገር፤ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩም እንዲሁ ቡዳ እየተባለ ከሁለቱም ወገን ሚስት ይከለከል ነበር።

በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በወሎ ከተሞችና ገጠሮች አብሮ የመኖሩ ሥርዓት መልክ ይዞ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው የሥጋው ነገር ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ መሶብ እንጀራ ይቆርሳሉ፤ ከአንዱ ቢላ የታረደ ሥጋ ግን አይበሉም። የሌላውን ሥጋ የበላ ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠራል። ስለዚህ ሰርግ የሚደግስ ክርስቲያን በሬውን አርዶ ሲያበቃ ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራና በግ ወይም ወይፈን ያስባርካል። ሙስሊሙ ወደ ቂብላ አዙሮ በቢስሚላህ ያርዳል፤ ለእሱ ወገን ለብቻ ድስት፣ ለብቻ ጭልፋ፣ ለብቻ ወጥ ሠሪ ይመደባል። ሙስሊሙ ሲደግስ ነገሩ ይገለበጣል። ድስት እንዳይቀላቀል የባለቤቲቱ ጭንቀት ከሙሽሪት እናት ጭንቀት ይበልጣል፤ ጭልፋ ተሳሳተ ማለት እንግዳን ማዋረድ ነውና። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ሲያይ መለያየት ይመስለዋል። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። የራስህን ሕግ ማክበር ቀላል ነው፤ አንተ የማታምንበትን የጎረቤትህን ሕግ በገዛ ጓዳህ፣ በገዛ ገንዘብህ ማስከበር ግን ከ1870ው አዋጅ ጋር ፊት ለፊት የሚቃረን ነው። አዋጁ ሁሉንም በአንድ ቢላ ሊያስበላ ነበር የፈለገው።

ሥጋ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ወሰኑ ይከፈታል። ሽሮ፣ ምስር፣ ንፍሮ የሁሉም ነው፤ የክርስቲያኑ የጾም ምግብ ለሙስሊሙ ጎረቤት የማያሳስብ ምግብ ሆነ። ቡናም እንደዚሁ። በድሮ ዘመን ካህናቱ የእስላም መጠጥ ነው ብለው ይጸየፉት ነበር፤ አሁን ቄሱም ሼሁም ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ አይነሣም። በዱዓ ላይ ጫትና ቡና ቀርቦ፣ እጣን ጨሶ ሲመረቅ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤትም ዳር ተቀምጦ አሚን ይላል፤ ለታመመ ልጅ የሚደረግ ምርቃት ከማን አፍ እንደወጣ አይመረጥም። ጋብቻ ሲመጣ አንደኛው ወገን ሃይማኖቱን ይለውጣል፤ ይህ ያለ እንባ የሚያልቅ አይደለም፤ የሚኮራረፉ ቤተሰቦች አሉ። ልጅ ሲወለድ ይታረቃሉ። ሰይድ ተስፋዬ፣ ሀብታሙ መሐመድ የሚባሉ ስሞች በመዝገብ ላይ ሲታዩ ደሴ ውስጥ ጸሐፊው ቀና ብሎ አያይም።

ሌላው ቅሬ ነው፤ ሸዋ እድር የሚለው። ሙስሊም ሲሞት በዕለቱ ይቀበራል፤ ክርስቲያን ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ፍትሐት እስኪደርስ ይቆያል። የቅሬው አባል የሁለቱንም ሰዓት ያውቃል። መቃብር ይቆፈራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ያልመጣ ይቀጣል። ቅጣቱን አትናቁት። ፍቅር ያልጎተተውን ሰው ቅጣት ይጎትተዋል፤ ሁለት ሦስት ለቅሶ በቅጣት ፍራቻ የሄደ ሰው በአራተኛው ከልቡ ያለቅሳል።

በሰፈሩ ይህ ሁሉ ሲሆን በሕጉ ግን ሙስሊሙ እኩል አልነበረም። በይፋ የሚጠራው “በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች” እየተባለ ነበር፤ የገዛ አገሩ እንግዳ አድርገውት። የ1965 እና የ1966 ረሃብ ወሎን ሲያራቁተው መንግሥት ደበቀው፤ ረሃቡም ዙፋኑን አናጋው። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ክርስቲያን ደጋፊዎቻቸውን ይዘው ታላቅ ሰልፍ ወጡ፤ ከጠየቁት አንዱ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንድንባል የሚል ነበር። በ1967 ደርግ ዒድ አል ፈጥርን፣ ዒድ አል አድሐንና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረጋቸው። በጀማ ንጉሥ ይደምቅ የነበረው መውሊድ ቢሮ የሚዘጋበት ቀን ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በመካ አገር በሳዑዲ ዓረቢያ እንኳ መውሊድ የሥራ ቀን ነው። ያው ደርግ ሃይማኖትን ሁሉ አድኃሪ ብሎ ሲያሸማቅቅ ሼሁና ቄሱ በአንድነት ተገፉ፤ በ1977 ረሃብ ደግሞ የወሎ ሰው ከነሃይማኖቱ ተጭኖ ወደ ሰፈራ ተላከ።

የ1987 ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኔስኮ የባህል ብዝኃነትን መግለጫ አጸደቀ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ሜይ 21ን የዓለም የብዝኃነት ቀን አደረገው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 13 ይውላል፤ የቦሩ ሜዳ ጉባኤም የግንቦት ነው። ይህ መገጣጠም ብቻ ነው፤ ግን ደሴ ላይ ቀኑ ሲከበር አዋጁን የሚያነሳ ተናጋሪ ቢኖር የሚሰማው ብዙ ነው። ብዝኃነትን ስናከብር ዘፈንና የባህል ልብስ ማሳየት ይቀናናል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የዚህ አገር ናቸው፤ በሰኞው የባቲ ገበያም አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ይገናኛል፤ እነዚህን ማሳየት ደስ ይላል። ድስት ስለ መለየት፣ ስለ ቅሬ ቅጣት የሚያወራ ግን አላጋጠመኝም።

በ2009 ከደሴ የሐረጎን ዳገት ወርደው በሚያገኙት ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ የውጭ ባለሀብቶች መጡ። ብዙም ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። በነሐሴ 2013 ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለ ሕዝብ ደሴን አጥለቀለቃት፤ ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆኑ። ወቅቱ ፍልሰታ ነበር፤ ክርስቲያኑ ጾመኛ ነው። ሽሮውና እንጀራው ማን ለማን እንደሠራው ሳይጠየቅ ለሁሉም ሊቀርብ የሚችል ነበር። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ውጊያው በቦሩ ሜዳ በኩል ደሴ ደረሰ፤ ከተማዋና ኮምቦልቻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በህወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ሰው ተገደለ፣ ሆስፒታል ተዘረፈ፣ ፋብሪካ ተነቀለ። በዚያ ጦርነት ሰውን ከሰው የለየው ሃይማኖት ሳይሆን ብሔር ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ወሎ የተዘጋጀ ድስትና ጭልፋ አልነበራትም። አባቱ ከትግራይ፣ እናቱ ከየጁ የሆነ ሰው በመታወቂያው የተጠረጠረበት ጊዜ ነበር።

በ2015 መጨረሻ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በማግስቱ ዓመት፣ በመጋቢት 2 ቀን 2016፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ተጀመሩ። በየዓመቱ የማይሆን ነገር ነው፤ አንዱ በፀሐይና በጨረቃ፣ ሌላው በጨረቃ ብቻ ስለሚቆጠር። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ለሁለት ወር ግድም ይዘጋሉ፤ የሙስሊሞቹ የሚጧጧፉት ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ነው። ክርስቲያኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሙስሊሙ ፀሐይ ስትጠልቅ እህል ይቀምሳል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ያን ሰሞን ቀኑን ሙሉ ከሰል አላያያዙም፤ የቡናውም ተራ ወደ ማታ ተዛወረ።